ጉድጓዱ የተናደ ቀን

ይህን የምጽፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በሳምንት ውስጥ የማርፈው እሑድ ብቻ ነው፤ እሱም ልብስ አጥቤ፣ ሽሮና ዘይት ገዝቼ ስመለስ አልቆ አገኘዋለሁ። ቀኝ ትከሻዬ መዶሻ ከማንሳት ብዛት ስለሚያመኝ ትንሽ እጽፍና አርፋለሁ። አናጢ ነኝ። ደሴ ውስጥ በሚሠሩ ሕንፃዎች ላይ አርማታ የሚሞላበትን የጣውላ ቅርጽ እገጣጥማለሁ፤ አርማታው ሲደርቅ ደግሞ እነቅለዋለሁ። ሴት አናጢ ማየት ያልለመደ ሰው ሁሉ «እንዴት ገባሽበት?» ይለኛል። ብዙ ጊዜ «ትምህርት ቤት መድበውኝ» ብዬ አልፋለሁ። ውሸት አይደለም። ግን የተመደበ ሁሉ እዚያው አልቀረም፤ እኔም ልሄድ ዕቃዬን ሸክፌ ነበር። ያስቀረኝ አንድ ማክሰኞ ነው።

ያኔ መካነ ሰላም የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። ቤተሰቦቼ ያሉት ከከተማው ወጥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ቁልቁል በሚወስደው መንገድ፣ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ቀበሌ ነው። እንደ ሌላው የገጠር ተማሪ ከተማ ውስጥ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይቼ ትዕግሥት ከምትባል የክፍሌ ልጅ ጋር እኖር ነበር። ዓርብ ወደ ቤት እሄዳለሁ፤ እሑድ ስንቄን ተሸክሜ እመለሳለሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ መሬታችንን ሌላ ሰው ነው የሚያርሰው፤ እህሉን እኩል እንካፈላለን። ስንቁ በየሳምንቱ እየቀለለ ሲሄድ እናቴ ስታሸክመኝ ዓይኔን ማየት ትታ ነበር።

አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ተማሪ ሁሉ በየሙያው ይመደባል፤ እኔ የፈለግሁት የጤና ትምህርት ነበር። ስሜ የወጣው እንጨት ሥራ ላይ ነው። «ሰዓዳ አናጢ!» ብለው ልጆቹ ሲስቁ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ማታ ግን ትዕግሥት እንዳትሰማ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ አለቀስኩ። እሷም እንጨት ሥራ ነበር የደረሳት። እሷ አላለቀሰችም፤ «ቢያንስ የራሳችንን አልጋ እንሠራለን» አለች።

አልጋ አልሠራንም። የሚሠራበት እንጨት አልነበረም። ወርክሾፕ የሚባለው ረጅም የቆርቆሮ ቤት ውስጥ ጥቂት መጋዞች፣ ጥቂት መዶሻዎችና ምላጩ የደነዘ መላጊያ ነበሩ። አንዱን ጣውላ ቆርጠን እንገጥመዋለን፣ መምህሩ ያየውና እንነቅለዋለን፣ ለሌላው ትምህርት እንደገና ቆርጠን እንገጥመዋለን። ጣውላው በየሳምንቱ እያጠረ ሄደ። የቀረውን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በተሳለ እንጨት ተማርን።

መምህራችንን ቲቸር ይመር ነበር የምንላቸው። ብዙ ዘመን አዲስ አበባና ሌላም አገር በሕንፃ ሥራ ላይ የኖሩ፣ ከመወጣጫ ወድቀው ግራ ትከሻቸው ከተጎዳ በኋላ ወደ ማስተማር የገቡ ሰው ናቸው። ግራ እጃቸው ከደረታቸው በላይ አይነሳም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ሲናገሩ የኋላ ወንበር ላይ ያለው ተማሪ አንገቱን አስግጎ ነው የሚሰማቸው። የሰለቹ ይመስሉኝ ነበር። እኔም ሰልችቼ ስለነበር አልፈረድኩባቸውም።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ እንደ አሮጊት ደክሞኝ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? መንገዱ፣ ስንቁ፣ የቤት ኪራዩ፣ የእናቴ ዝምታ። በሰፈራችን ዐረብ አገር የሄዱት ልጆች የእናቶቻቸውን ቤት ቆርቆሮ አልብሰዋል። ለእኛ ቤት ደግሞ በየክረምቱ ሣር እንለምናለን። ሰዎችን ወደ ዐረብ አገር የምትልክ አንዲት ሴት ነበረች፤ ቤታችን ድረስ መጥታ እናቴን አነጋገረቻት። እናቴ እሺም እምቢም አላለችም። «እንደ ልጅቱ» ነው ያለችው። እኔ እሺ አልኩ። ሐሙስ ጠዋት ወደ ደሴ በሚሄደው መኪና እንድሄድ ተቀጠረልኝ። ትምህርት ቤት ውስጥ ይህን የምታውቀው ትዕግሥት ብቻ ነበረች።

ጉድጓዱ የተናደው ከዚያ ሐሙስ በፊት ባለው ማክሰኞ ነው።

በትምህርት ቤቱ ግቢ አዲስ ሕንፃ እየተሠራ ነበር። ከሕንፃው ጀርባ ለሽንት ቤት የሚሆን ጉድጓድ የሚቆፍሩ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ ታላቁ ደርበው፣ ታናሹ ካሳው ይባላሉ። ደርበው ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ተማሪ ባለፈ ቁጥር «እንዴት አደራችሁ ምሁራን!» እያለ የሚቀልድ ሰው ነው። እሱ ሲቆፍር ካሳው አፈሩን በባልዲ እየሳበ ያወጣል፤ ያወጣውንም እዚያው ከአፉ ላይ ይከምረዋል። ጉድጓዱ ጠባብና ረጅም ነው፤ ሰው እጆቹን ቢዘረጋ ሁለቱን ጎን ሊነካ ምንም አይቀረው። ጥልቀቱ ግን ደርበው ቆሞ፣ በራሱ ላይ ሌላ ሰው ቢቆምበት ነው ወደ ላይ የሚደርሰው። ቲቸር ይመር አንድ ቀን እኛን ይዘው ሲያልፉ ቆም ብለው አዩትና ሥራውን የያዘውን ሰውዬ «ይህ ጎኑ በጣውላ ይደገፍ እንጂ፤ በልግ ነው፤ አፈሩ ውሃ ጠጥቷል» አሉት። ሰውዬው ሳቀ። «የሽንት ቤት ጉድጓድ እኮ ነው ጋሼ፤ ነገ ያልቃል» አላቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁና ሄድን።

ሰኞ ሌሊት ሲዘንብ አደረ። ማክሰኞ ጠዋት ጉሙ ግቢውን ሞልቶት ስለነበር ሰንደቁ የተሰቀለበት ምሰሶ ጫፉ አይታይም። ወርክሾፕ ገብተን አንድ አግዳሚ ወንበር እየገጠምን ነበር። ትዕግሥት እየመገዘች እኔ እንጨቱን ይዤላት ሳለ ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አልነበረም። ጆንያ እህል ከመኪና ላይ ሲወረወር እንደሚሰማው ያለ የታፈነ ነገር ነው። ቀጥሎ ግን የካሳው ጩኸት መጣ።

«ወንድሜን በላው! ኧረ የሰው ያለህ! ወንድሜን በላው!»

መጋዙ እንጨቱ ውስጥ እንደተሰካ ጥለነው ሮጥን።

የጉድጓዱ አንድ ጎን ከመሃሉ ተገምሶ ወርዷል። ደርበው እታች ጥግ ላይ እስከ ብብቱ ድረስ በጥቁር አፈር ተውጧል፤ ራሱና አንድ እጁ ብቻ ነው የሚታየው። ፊቱ ጭቃ ሆኖ ዓይኑ ብቻ ይንቀሳቀሳል። በሕይወት አለ። ሰው ከየክፍሉ፣ ከመንገድም ጭምር እየሮጠ መጥቶ የጉድጓዱን አፍ ከበበው። አንዱ ገመድ ወረወረ፤ ደርበው ክንዱ ላይ ጠመጠመው፤ ከላይ ያሉት ሊጎትቱ እግራቸውን ተከሉ።

«አትጎትቱ! ልቀቁት!»

ማን እንደጮኸ ለማየት ዞርኩ። ቲቸር ይመር ናቸው። እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳላቸው አላውቅም ነበር።

«ወገቡ ተይዟል፤ ትበጥሱታላችሁ! ሁላችሁም ከአፉ ራቁ! ወደ ኋላ! የቆማችሁበት አፈር ነው እሱ ላይ የሚወርደው!»

ሰው አፈገፈገ። ካሳው ብቻ ሊዘል ተንደረደረ፤ ወንዶቹ ተማሪዎች ወገቡን ይዘው መሬት ላይ አስተኙት። «ልቀቁኝ፣ አብሬው ልሙት!» እያለ ይንፈራገጣል።

ቲቸር ይመር በሆዳቸው ተኝተው ወደ ታች አዩ። እኔም ከኋላቸው አንገቴን አሰገግሁ። ሳይናድ የቀረው ጎን መሬቱ ላይ በረጅሙ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ እጅ ያስገባል። ካሳው የከመረው አፈር ደግሞ ከላዩ ተጭኖታል። ያ ከወረደ ደርበው አይታይም።

ተነሱና ቁጣ በሌለበት ድምፅ ትእዛዝ መስጠት ጀመሩ። አንዱን ወደ ሆስፒታል ላኩ። ግማሾቹን ክምሩን በአካፋ ወደ ኋላ እንዲያሸሹ፣ ሲያሸሹም ጣውላ አንጥፈው እንዲቆሙ አዘዙ። «ሌሎቻችሁ ጣውላ! ረጅም ጣውላ አምጡ!»

ተያየን። ረጅም ጣውላ የለንም። ዓመቱን ሙሉ ስንቆርጠው ከርመናል።

«በሮቹን ንቀሉ» አሉ። «የወርክሾፑን በር። የጠረጴዛዎቹን ገበታ። ከአዲሱ ሕንፃ መወጣጫ ላይ አጣና ፍቱ። ቶሎ!»

ልጆቹ በሩን ከነማጠፊያው ገንጥለው አመጡት። የምንሠራባቸው ትልልቅ ጠረጴዛዎች ገበታቸው ተገነጠለ። በገመድ እያወረድን በጉድጓዱ በሁለቱም ጎን፣ ከጥጉ ጀምረን ፊት ለፊት አቆምናቸው። አሁን በሁለቱ ጣውላ መካከል አጣና ተጋድሞ፣ በሽብልቅ፣ በጫፉ በሚመታ ቀጭን ቁራጭ እንጨት፣ ተወጥሮ ካልያዛቸው ዋጋ የላቸውም። ያንን ለመሥራት ሰው መውረድ አለበት።

ቲቸር ይመር ጫማቸውን አወለቁና ቆፋሪዎቹ በሚጠቀሙበት መሰላል መውረድ ጀመሩ። ትንሽ እንደወረዱ ቀኝ እጃቸውን ለቀቅ አድርገው መዶሻውን ሊቀበሉ ሞከሩ። ግራ እጃቸው ግን መሰላሉን ይዞ ሊሸከማቸው አልቻለም። ተንሸራተቱ። ወንዶቹ በኮታቸው አንገት ይዘው ወደ ላይ አወጧቸው። ፊታቸው ዐመድ መስሎ መሬት ላይ ተቀመጡ።

«እኔ ልውረድ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ጀግንነት አልነበረም። ከሁላችን ቀጭኗ እኔ ነኝ፤ ቦታው ጠባብ ነው፤ መዶሻ መምታት ለምጃለሁ። ሌላም ነገር አለ። ከሁለት ቀን በኋላ የምሄድ ሰው ስለነበርኩ፣ እዚያ ከቆሙት ሁሉ ለመሄድ የተዘጋጀሁት እኔ መሰልኩኝ። ድካም እንዲህ ያደርጋል።

«አይሆንም» አሉ ቲቸር ይመር። «ልጅ ነሽ።»

ከታች ደርበው «ኧረ ደረቴ…» አለ። ድምፁ ቀጥኗል። ቲቸር ይመር ወደ ጉድጓዱ አዩ፤ ወደ እኔ አዩ፤ እንደገና ወደ ጉድጓዱ። ከዚያ ገመዱን አንስተው ወገቤ ላይ በአንድ እጅና በጥርሳቸው አሠሩልኝ።

«ስሚኝ ሰዓዳ» አሉኝ ጆሮዬ ሥር። «ከላይ ወደ ታች ነው የምንሠራው። ያልተደገፈ ግድግዳ ሥር አትቆሚም። እሱ ቢጠራሽም፣ ቢያለቅስም፣ እኔ ውረጂ ሳልልሽ አትወርጂም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

ቀሚሴን ሱሪዬ ውስጥ ከትቼ ሻሼን አጥብቄ አሰርኩና ወረድኩ።

ጉድጓድ ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚለወጠው ድምፅ ነው። የላይኛው ጫጫታ ራቀ፤ የደርበው ትንፋሽ ቀረበ። እርጥብ አፈር ይሸታል። መሰላሉ ላይ ቆሜ በሁለቱ ጣውላ መካከል ያለውን ስፋት በዓይኔ ገምቼ ጮህኩ፤ ከላይ ትዕግሥት አጣናውን ቆርጣ በገመድ አወረደችልኝ። አጠረ። ሊይዝ አልቻለም፤ ከእጄ አምልጦ ደርበው አጠገብ ወደቀ።

«እመብርሃን!» አለ ደርበው።

ላለቅስ ምንም አልቀረኝም።

«በዓይንሽ አትለኪ» አሉኝ ቲቸር ይመር ከላይ፤ ድምፃቸው እንደ ክፍል ውስጥ ዝቅ ብሏል። «ቀጭን እንጨት እናወርድልሻለን። ጫፉን አንዱ ጣውላ ላይ አስጠጊ፣ ሌላው ላይ በጥፍርሽ ምልክት አድርጊ፣ መልሺልን። ጊዜ አለን።»

ጊዜ እንደሌለን አውቃለሁ። ግን እንዲያ ስላሉኝ እጄ ጸና። ለካሁና እንጨቱን መለስኩ። የትዕግሥት መጋዝ ከላይ ሲሄድ ይሰማኛል። አጣናው ወረደ፤ ገባ፤ በጫፉ ሽብልቁን አስገብቼ መታሁት። ስመታው የእንጨቱ ድምፅ ከታፈነ ወደ ጥርት ያለ ድምፅ ተለወጠ። ጠበቀ ማለት ነው። ይህንን በክፍል ውስጥ ነግረውን ነበር፤ የሰማሁት ግን ያን ጊዜ ነው።

«ቀጥይ» አሉኝ።

አንዱን ከጨረስኩ አንድ ደረጃ እወርዳለሁ፤ እንደገና እለካለሁ። ደርበው ያየኛል።

«የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ በደካማ ድምፅ።

«የሰይድ።»

«የትኛው ሰይድ?»

«ከቆላው። ሞቷል። አያ ደርበው፣ አይናገሩ፤ ትንፋሽዎን ይያዙ።»

«ዝም ካልኩ የምሞት ይመስለኛል።»

«እንግዲያው ይናገሩ።»

ስለ ልጆቹ ነገረኝ። ትልቋ ልጁ አንደኛ ክፍል እንደሆነች፣ ስሙን በእንጨት መሬት ላይ ጽፋ እንዳሳየችው ነገረኝ። መሃል ላይ ይጠፋበትና ዝም ይላል፤ ያኔ እኔ «አያ ደርበው!» እላለሁ፤ «አለሁ» ይላል። የቀትሩ የዙሁር አዛን ከመስጊዱ ተሰማ።

«ሰላት ደረሰብሽ» አለኝ።

«አላህ ያውቃል፤ አይቆጣኝም።»

«እንግዲያው ዱዓ አድርጊልኝ። እኔ ጸሎቱ ጠፍቶብኛል።»

መዶሻዬን ሳላቆም ያ ረብ፣ ያ ረብ አልኩ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ወደ እሱ ደረጃ ስደርስ የመጨረሻውን አጣና ሽብልቅ እየመታሁ ሳለ አሸዋ የሚመስል አፈር ፊቴ ላይ ተረጨ። ቀና አልኩ። ቲቸር ይመር «ጣውላው ሥር ግቢ!» ብለው ሲጮሁ ሰማሁ። ወደ ደርበው ተጠግቼ ራሱን በደረቴ ሸፈንኩት።

ያ የተሰነጠቀው ጎን ወረደ።

ሙሉ ክብደቱ በበሩ ላይ ሲያርፍ በሩ ጮኸ። አጣናዎቹ ሲጨነቁ ሰማሁ፤ እንጨት ሲጨነቅ እንደ ሰው ነው የሚያቃስተው። በጣውላዎቹ ክፍተት አፈር እየፈሰሰ ጀርባዬ ላይ ወረደ። ጨለመ። ከላይ ትዕግሥት ስሜን እየጠራች ታለቅሳለች። እኔ መልስ መስጠት አልቻልኩም፤ አፌ በአፈር ተሞልቷል።

ከዚያ ጸጥ አለ።

«ይይዛል?» አለኝ ደርበው ከደረቴ ሥር።

እጄን ዘርግቼ ቅርቤ ያለውን አጣና ገፋሁት። አልተነቃነቀም። የላይኛውን በመዶሻው ጫፍ ነካሁት፤ ያው ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠኝ።

አፈሩን ተፋሁና «ይይዛል» አልኩት። «አትፍራ፣ ይይዛል።» አንተ እንዳልኩት እንኳ አላስተዋልኩም።

እስከዚያ ቀን ድረስ በሕይወቴ የተናገርኩት ነገር ሁሉ ሰው እንዳይከፋ፣ ሰው እንዳይቆጣ ወይም ሰው እንዳይስቅብኝ የተናገርኩት ነበር። ያንን አንድ ቃል ግን የተናገርኩት ስለማውቅ ነው። ራሴ የለካሁት፣ ራሴ የመታሁት እንጨት ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም፣ አሰልቺ ሥራ ነበር። በአካፋ መቆፈር አይቻልም፤ ሰውነቱን ይቆርጣል። በጣሳና በእጄ እየጨለፍኩ ባልዲ እሞላለሁ፤ ከላይ ይስባሉ፤ ባዶውን ያወርዳሉ። ደረቱ ወጣ። በረጅሙ ተነፈሰና አለቀሰ። ወገቡ ወጣ። ጥፍሮቼ ተነቃቅለው ደሙ ከጭቃው ጋር ተደባልቋል፤ ሕመሙ ግን አልተሰማኝም። ቀኝ እግሩ ጋ ስደርስ እግሩ በማይታጠፍበት በኩል መታጠፉን አየሁ። አልነገርኩትም። እሱም አልጠየቀኝም። ከሆስፒታል ከመጡት ሰዎች አንዱ መሰላሉ ላይ ወርዶ እግሩን በእንጨት ካሠረለት በኋላ በብብቱ ሥር ቀበቶ አስገብተን አወጣነው። ከቀሩት የጠረጴዛ ገበታዎች አንዱ ላይ ተኝቶ ሲሄድ ካሳው እጁን ይዞ ከጎኑ ይሮጥ ነበር። የከሰዓቱ የአሱር አዛን ሲጠራ እኔ ወጣሁ።

ትዕግሥት አቅፋኝ ተቀመጠች። ሰው ያጨበጭባል፣ እልል ይላል። ቲቸር ይመርን በዓይኔ ፈለግኋቸው። ጀርባቸውን ሰጥተው የወደቁትን መጋዞችና መዶሻዎች አንድ በአንድ ከጭቃው እያነሱ በኮታቸው ይጠርጋሉ።

በማግስቱ ሰልፍ ላይ ስሜ ተጠራ። ርዕሰ መምህሩ አመስግነው አስጨበጨቡልኝ። ቲቸር ይመር ግን ቢሮ ተጠርተው ተማሪ ጉድጓድ ውስጥ በማስገባታቸው ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው። ይህንን ሰምቼ ተናድጄ ወርክሾፕ ሄድኩ። በር የለውም፤ ውስጡ በብርሃን ተሞልቷል። ብቻቸውን ተቀምጠው መጋዝ ይሞርዳሉ።

«ልክ አይደሉም፤ እኔ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አልኳቸው።

«ልክ ናቸው» አሉኝ ቀና ሳይሉ። «ላወርድሽ አይገባኝም ነበር። ሌላ ምርጫ ግን አላየሁም። ሁለቱም እውነት ነው።» ትንሽ ሞረዱና ቀጠሉ፦ «አሁን ሰው ሁሉ ጀግና ይልሻል። አትስሚያቸው። ጉድጓዱ በጊዜው ተደግፎ ቢሆን ኖሮ ትናንት ሲቆፍሩ ውለው ወደ ቤታቸው ይገቡ ነበር። ማንም ስምሽን አያውቅም ነበር። እኔ የማስተምራችሁ ያንን ነው፤ ማንም ስማችሁን የማያውቅበትን ሥራ።»

«ጉድጓዱስ አሁን ምን ይሆናል?» አልኳቸው።

«ነገ ሐሙስ ክፍላችን ሙሉውን ይደግፈዋል። ፈቅደውልኛል፤ ጣውላም ይመጣል። የእኛ ልጆች ከላይ ሆነው ይቆርጣሉ፤ ታች የሚወርዱት ትልልቅ ሠራተኞች ናቸው።»

ሐሙስ የእኔ መኪና የሚሄድበት ቀን ነው።

ረቡዕ ከሰዓት ያቺ ሴት የተከራየሁበት ድረስ መጣች። በጨርቅ የተጠቀለሉ እጆቼን አይታ «ይድናል፤ እስክትደርሺ ይድናል» አለችኝ። አልሄድም አልኳት። ለምን አለችኝ። ነገ የምንደግፈው ጉድጓድ አለ አልኳት። የምቀልድባት መሰላት። ከዚያ እናቴ በእግሯ ደረሰች፤ ወሬው ቆላ ወርዶ ኖሯል። በሩ ላይ ቆማ እጆቼን አየች፤ ከዚያ ዓይኔን አየች። ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበር።

«ምን ልትሆኚ ነው?» አለችኝ።

«አናጢ።»

«ይሁን» አለች። ነጠላዋን አጣጥፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን አወለቀች። ሴትዮዋ ትንሽ ቆማ ወጣች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ነገሩ ሁሉ ተቃና ብላችሁ እንዳታስቡ። ደርበው ዳነ፤ ግን ያነክሳል፤ ዶማም አይዝም። ዛሬ የአንድ መጋዘን ዘበኛ ነው፤ ልጁ ጎበዝ ተማሪ ሆናለች። ቲቸር ይመር ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሥራቸውን ለቀው ወደ ወረኢሉ ዘመዶቻቸው ጋ ሄዱ። ከእንጨት ሥራ ክፍላችን ጨርሰው በሙያው የቀሩት ጥቂት ናቸው። ትዕግሥት ኩታበር ውስጥ በርና መስኮት ትሠራለች፤ አንዳንዴ ስንደዋወል የምናወራው ስለ ወገብ ሕመም ነው። የእናቴም ቤት ቆርቆሮ የለበሰው ከጎረቤቶቻችን ሁሉ በኋላ ነው። ዐረብ አገር በሄዱት ጓደኞቼ አልፈርድም። ያባረራቸውን ድካም አውቀዋለሁ፤ ዛሬም አብሮኝ አለ፤ የሄደ ቢመስላችሁ ሰኞ ጠዋት መወጣጫ ስወጣ እዩኝ።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ወር እዚሁ ደሴ በምሠራበት ቦታ ለመሠረት የሚሆን ጉድጓድ እየተቆፈረ ነበር። ዘንቧል። ጎኑ አልተደገፈም። ፎርማኑ ታች ወርጄ የጣውላውን ሥራ እንድጀምር አዘዘኝ።

«መጀመሪያ ጎኑ ይደገፍ» አልኩት።

«ዛሬ አርማታ ይገባል፤ ጊዜ የለም።»

«እንግዲያው አልወርድም።»

«ካልወረድሽ ወደ ቤትሽ።»

ታች ወደሚቆፍሩት ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብዬ አፈሩ ውሃ እንደጠጣ፣ እንዲወጡ ነገርኳቸው። አንዱ ቀና ብሎ አየኝ፤ ዶማውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወጣ። ሌላው «ቤተሰብ አለኝ እህቴ» ብሎ ቁፋሮውን ቀጠለ። እኔም ቤተሰብ አለኝ። መዶሻዬን ቀበቶዬ ላይ ሰክቼ ወጣሁ፤ የዚያን ሳምንት ሥራም አጣሁ።

ግድግዳው አልተናደም። አርማታው ገባ፤ ሥራው አለቀ። ሰፈሩ ውስጥ የሚያውቁኝ ሠራተኞች እስከ ዛሬ «ፈሪዋ አናጢ» እያሉ ይስቁብኛል። ተናዶ ቢሆን ኖሮ ልክ ነበረች ይሉኝ ነበር። ቁፋሮውን የቀጠለው ሰው ግን ማታ ቤቱ ገባ፤ ትናንትም ገበያ ላይ አየሁት፤ ጎመን ተሸክሟል። እሱም ሳቀብኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩና አብሬው ሳቅሁ።